ኪ-202፦ አሥሩ ደቂቃ ከየት መጣ?

ክንፍ_ብቻ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጃፓን ጦር ሠራዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወረቀት ላይ ያስቀረውን የሮኬት ተዋጊ፣ ኪ-202ን፣ ለበረራ ሲሙሌተር እያዘጋጀሁ ነው። ሠንጠረዦቹ በአየር ላይ 10 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ይቆያል ይላሉ፤ ለሹሱይ (ኪ-202 ከእሱ ተሻሽሎ ለታቀደው የጃፓን ሮኬት ተዋጊ) የሚሰጡት 5 ደቂቃ ተኩል ነው። ሞተሩን በሙሉ ኃይል ሳስኬደው ግን ነዳጁ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሌላው ደግሞ፣ የሹሱይ ሞተር በመጀመሪያው በረራ የጠፋበትን ሁኔታ በሲሙሌተሩ ላይ ለማሳየት ታንኩ እንዴት ይሠራ?

ተርባይን
ስህተት የለውም፤ ሠንጠረዡ የማይነግረውን ነው ያገኘኸው። የኪ-202 ሙሉ ክብደት 5,015 ኪሎ፣ ባዶው 1,619 ኪሎ ነው። ከልዩነቱ ላይ አብራሪውን፣ ሁለቱን 30 ሚሊሜትር መድፎች ከነጥይታቸውና ጥቃቅኑን ቀንስ፤ ለነዳጅ (ሞተሩ ለሚፈጃቸው ሁለት ፈሳሾች በአንድ ላይ) የሚቀረው 3,100 ኪሎ ገደማ ነው። የታሰበለት ቶኩ-ሮ 3 ሞተር 2,000 ኪሎ ግፊት ይሰጣል። የዚህ ዓይነት ሞተር ስፔሲፊክ ኢምፐልስ (አንድ ኪሎ ነዳጅ አንድ ኪሎ ግፊት የሚሰጥበት ጊዜ) 180 ሰከንድ ያህል ስለሆነ በሰከንድ 11 ኪሎ ይበላል። 3,100 ለ11 ሲካፈል 280 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሆናል።

ሹሱይንም በዚሁ መንገድ አስላው፦ 2,000 ኪሎ ነዳጅ፣ 1,500 ኪሎ ግፊት፣ በሰከንድ 8.3 ኪሎ። ውጤቱ 4 ደቂቃ ነው። እንግዲህ በሙሉ ኃይል ሲነዱ የሁለቱ ልዩነት 40 ሰከንድ ብቻ ነው። አሥሩ ደቂቃ የሚገኘው ከፍታው ላይ ከተደረሰ በኋላ ሞተሩ ሲቀነስ ነው። ስለዚህ በሲሙሌተሩ ላይ መውጣቱን በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በዝቅተኛ ግፊት አድርገው። አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ እንዲህ ያለ ሞተር ግፊቱ ሲቀነስ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግፊት የሚበላው ነዳጅ ይጨምራል። የሙሉ ኃይሉን ቁጥር ለዝቅተኛውም ከተጠቀምክ ከሚገባው በላይ ይቆይልሃል።

የታንክ_ወለል
ስለ ሞተሩ መጥፋት። ሐምሌ 7 ቀን 1945 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሌተና ኮማንደር ቶዮሂኮ ኢኑዙካ ሹሱይን ይዞ በጃፓን ካለው ዮኮሱካ ተነስቶ በጣም ሽቅብ ወጣ። ታንኩ አልተሞላም ነበር። ከ350 እስከ 400 ሜትር ላይ ሞተሩ ጠፋ። ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲዞር ሕንጻ ገጭቶ ወደቀ፤ በማግስቱም ሞተ። ምክንያቱ ሽቅብ ሲወጣ ፈሳሹ ወደ ኋላ መሸሹና መሳቢያው (ነዳጁን ከታንኩ የሚወስደው ቱቦ አፍ) አየር መሳቡ ነው።

ለማሳየት ቀላል ሳጥን ይበቃል፦ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር፣ አንድ ሦስተኛው የተሞላ። አውሮፕላኑ ተኝቶ ሲቆም ፈሳሹ ወለሉን በሙሉ በ17 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይሸፍናል። የፈሳሹን ገጽ ከወለሉ አንጻር 45 ዲግሪ አዘንብለው፤ ከፊት በኩል ያለው 42 ሴንቲሜትር ወለል ደረቅ ይሆናል። መሳቢያውን እዚያ ካስቀመጥክ ፓምፑ አየር ይውጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ታንኩ ሙሉ ከሆነ ግን በዚያው አዘነባበል ችግሩ ወዲያው አይታይም፤ የሚመጣው ነዳጁ ሲጎድል ነው። ኪ-202 ረጅም ሆድ ስላለው መሳቢያውን ከኋላ ታች ማድረግ፣ መካከሉን በቀዳዳ ግድግዳ መከፋፈል ግድ ነው። ግድግዳ ከሌለ ደግሞ አፍንጫው ዝቅ ሲል ያው ችግር ተገልብጦ ይመጣል።

ክንፍ_ብቻ
እጅግ አመሰግናለሁ። አነሳሱስ? ከሹሱይ ይከብዳል ወይስ ያው ነው?

ተርባይን
የግፊትና የክብደት ምጣኔው ያው ነው ማለት ይቻላል፦ 0.40 ለኪ-202፣ 0.39 ለሹሱይ። ክንፉ ላይ ያለው ጫና ግን ከ219 ወደ 272 ኪሎ በካሬ ሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ የመነሻ ፍጥነቱን 11 በመቶ ከፍ አድርገው፣ የሜዳውን ርዝመትም ሩብ ያህል ጨምር። ነዳጁን ጨርሶ ሲያርፍ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሴራሚክ
ሲሙሌተሩ የዘመቻ ክፍል ካለው አቅርቦቱን አትዝለሉት፤ ለእኔ ዋናው ማነቆ እሱ ነው። ኦክሲዳይዘሩ (ነዳጁ እንዲነድ ኦክስጅን የሚሰጠው ፈሳሽ) 80 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ነዳጁ ሜታኖልና ሃይድራዚን ሃይድሬት። በክብደት ለአንድ እጅ ነዳጅ ሦስት እጅ ተኩል ያህል ፐርኦክሳይድ ይገባል። ሹሱይ በአንድ በረራ 1.5 ቶን ገደማ ሲፈጅ፣ ኪ-202 2.4 ቶን ይፈጃል። ስለዚህ ሹሱይን 16 ጊዜ የሚያስነሳ ክምችት ኪ-202ን የሚያስነሳው 10 ጊዜ ነው።

ፐርኦክሳይዱ ብረት ወይም መዳብ ሲነካ ስለሚፈራርስ ለማምረቻው በጃፓኗ ቶኮናሜ ከተማ ግዙፍ የሸክላ ማሰሮዎች ተሠርተው ነበር። ቆሻሻ የገባበት ታንክ ይሞቃል፣ ጋዝ ያፈልቃል፣ ይፈነዳል። የሁለቱ ፈሳሾች መቅጃ መኪኖችና ቱቦዎች ፈጽሞ መደባለቅ የለባቸውም፤ ሲገናኙ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላሉ።

የሌሊት_ጥበቃ
የዘመቻውን ጊዜም አስቡበት። አውሮፕላኑ የታሰበው በቀን፣ በ9 እና በ10 ሺህ ሜትር ላይ ለሚመጡ የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣዮች ነበር። ከመጋቢት 1945 ጀምሮ ግን በቶኪዮና በሌሎች ከተሞች ላይ ከባዱ ጥቃት በአብዛኛው በሌሊት፣ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ሆነ። ራዳር የሌለው የሮኬት ተዋጊ በጨለማ ዒላማውን ሲፈልግ ነዳጁ ያልቃል። ስለዚህ የቀን ወረራዎችን ብቻ ምረጡለት፤ ጣቢያውንም ቦምብ ጣዮቹ በሚያልፉበት መስመር ሥር አድርጉት።