ቁመቴ 1.94 ነው፤ ቀጥ ብዬ የምቆምባት ባለሸራ ጀልባ ለሀዋሳ ሐይቅ ትገኛለች?

ጥያቄ፦ ረጅሙ (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ሀዋሳ ነው፣ አሁንም እዚሁ ነኝ። ቁመቴ 1.94 ሜትር ነው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ 1.98። እሱ ስዊድን ይኖራል፤ የሸራ ጀልባ ነገር እዚያ ለምዶ አሁን እኔንም አስይዞኛል። ተዋጥተን ሐይቁ ላይ አንዲት መካከለኛ ጀልባ ልናስቀምጥ አስበናል። ለንግድ አይደለም፣ ለቤተሰብ ነው። ስድስት ሰው ይዛ የምትወጣ፣ ለሁለት ሰው ማደሪያ ያላት፣ ቡና የሚፈላባት።

ችግሩ ቁመታችን ነው። አምና ወንድሜ ጋ ሄጄ በጓደኛው ጀልባ ወጥተን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጎብጬ ከረምኩ። ሱሪዬን የምለብሰው በጀርባዬ ተኝቼ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ብድግ ስል ጣሪያው ላይ ካለ ብሎን ጋር ተላተምኩ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ወንድሜ 9 ሜትር የምትሆን ያገለገለች ፋይበርግላስ ገዝተን በጅቡቲ እናስገባ ይላል። እኔ እዚሁ ብናሠራስ እላለሁ። እስቲ የምታውቁ ምከሩን።

መልስ፦ የሲያትሏ

ሰላም ወንድሜ። እኔና ባለቤቴ ካታሊና 30 የምትባል ጀልባ አለችን። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ መሠራት የጀመረች ናት፣ በሺዎች ስለተሠራች ያገለገለች አትጠፋም። ርዝመቷ 9.12 ሜትር፣ የውስጥ ከፍታዋ 1.90 ገደማ። ባለቤቴ 1.88 ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእናንተ ግን አትበቃም። በዚህ ርዝመት ከ1.90 በላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከዚያ ያንሳሉ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚለካው ከመግቢያው ደረጃ ሥር ነው። ጣሪያው ከፍ የሚለው እዚያ ጋ ነዋ! ወደፊት በሄድክ ቁጥር ይወርዳል። ወንድምህ ሜትር ይዞ ይሂድና ደረጃው ሥር፣ ምድጃው ፊት፣ መጸዳጃው ውስጥ ይለካ። አልጋውንም አይርሳ። የፊተኛው አልጋ 2 ሜትር ነው ቢሉትም እግር ጋ ሲደርስ እንደ ጀልባዋ አፍንጫ ይሾላል። ሁለት ረጃጅም ሰዎች አራት እግር ይዘው እዚያ ውስጥ አይገቡም።

መልስ፦ የአሞራ ገደል ልጅ

እህቴ ይቅርታ፣ ያቺ ጀልባሽ ውኃ ውስጥ ስንት ትገባለች?

መልስ፦ የሲያትሏ

የእኛ 1.60 ሜትር። ክብደቷ ደግሞ ከ4.5 ቶን በላይ ነው።

መልስ፦ የአሞራ ገደል ልጅ

እንግዲያው ተዉት። እኛ ጋ አብዛኛው ጀልባ አፍንጫውን ዳር ላይ ነው የሚያሳርፈው። 1.60 የምትገባ ጀልባ ዳር ሳትደርስ ገና ሩቅ ላይ ጭቃ ውስጥ ትቆማለች። እናትህን በደረት ውኃ ልታሻግር ነው? 4.5 ቶኑንስ በምን ታወጣዋለህ? ክሬን ልትከራይ ነው።

ደግሞ መረብ አለ። እኛ ማታ ጥለን ንጋት ላይ ነው የምናነሳው። ከሥርዋ ረጅም ነገር ያላት ጀልባ በምሽት ካለፈች መረቡን ጠልፋ ነው የምትሄደው። ቆሮሶው ቀርቶ መረቡም የለ። ያኔ ጠብ ነው። በጥቁር ውኃ በኩል ደግሞ ሳሩም ጉማሬውም አለ፣ ወደዚያ አትጠጋ።

መልስ፦ ቀልደኛው

ለካታሊናዋ የጎደለው 4 ሴንቲ ብቻ ነው። አፍሮህን ተላጭ።

መልስ፦ መርከበኛው

ባቦጋያ የሠለጠንኩ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። የአሞራ ገደሉ ልጅ ዋናውን ነገር ነክቶታል፤ እኔ ምክንያቱን ልጨምርበት።

የጀልባ ውስጥ ከፍታ ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው። ወይ ወለሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወይ ጣሪያው ወደ ላይ ይወጣል። ሆዷ ጥልቅ ከሆነ ወለሉ ከውኃው መስመር በታች ስለሚሆን ረጅም ሰው ይቆማል፣ ጣሪያዋም ዝቅ ያለ ሆኖ ያምራል። ዳር የምትወጣ፣ ሆደ ጠፍጣፋ ጀልባ ግን ወለሏን የምታወርድበት ቦታ የላትም። እዚያች ላይ 2 ሜትር ከፍታ ልስጥ ካልክ ቤት ነው የምትሠራው። ቤቱ ደግሞ ነፋስ ይይዛል፣ ክብደቱም ከላይ ይሆናል። የሀዋሳ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ታውቀዋለህ፤ ጎኑ ትልቅ የሆነ ቀላል ጀልባ ወደፈለግክበት ሳይሆን ወደፈለገው ነው የሚሄደው።

መካከለኛ መንገድ አለ። ከሥርዋ ወደ ውኃው የሚወርደው ክንፍ መሰል ነገር፣ ኪል የሚሉት፣ የሚታጠፍ ጀልባ ፈልጉ። ካታሊና 22 ለምሳሌ 6.5 ሜትር ገደማ ናት። ኪሏ ሲወርድ 1.50 ያህል ትገባለች፣ ሲነሳ ግን 60 ሴንቲሜትር ብቻ። ዳር መድረስም ትችላላችሁ፣ መረብ ያለበትን ቦታም ቀስ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ውስጧ በእርግጥ ዝቅተኛ ነው። ለዚያም መላ ተበጅቶለታል፤ አንዳንዶቹ ላይ የካቢኗ ጣሪያ ቆማ ሳለች ወደ ላይ ይነሳል፣ ስትሄድ ይወርድና ይቆለፋል። እናንተም ከ7 እስከ 8 ሜትር የሆነች በዚሁ ሐሳብ ብታሠሩ ወይም ብትገዙ ይሻላል።

እኔ ብሆን ግን ገና ጀልባ ሳላይ ሰውነቴን እለካ ነበር። 1.94 የሆነ ሰው ሲቀመጥ ከመቀመጫው እስከ አናቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። መቀመጫው 45 ሴንቲ ከሆነ 1.50 ጣሪያ ለመቀመጥ ይበቃሃል። ለመቆም 2 ሜትር ትፈልጋለህ። የግማሽ ሜትር ልዩነት ነው፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ግማሽ ሜትር ብዙ ገንዘብና ብዙ ነፋስ ነው። ስለዚህ ሳሎንህ ውስጥ የካቢኑን ስፋት በጠመኔ ሥራ። በ1.50 ከፍታ ሲባጎ ወጥር። እዚያ ውስጥ ግማሽ ቀን ዋል። የት የት ጋ መቆም እንደምትፈልግ ያኔ ይገባሃል።

ሌላም አለ። የሸራውን ታችኛ ጠርዝ የሚይዘው አግዳሚ፣ ቡም የሚሉት፣ ከምትቆሙበት ወለል ቢያንስ 2.10 ይራቅ። ነፋሱ ጎን ሲቀይር ያ ነገር በድንገት ነው የሚወረወረው። ለአጭር ሰው ከአናቱ በላይ ያልፋል፣ የወንድምህን ግን ጆሮ ግንዱን ነው የሚያገኘው። ከአሁኑ ብሎን የባሰ ነው።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ሸራህን የሚገፋው በዚያው ልክ ቀንሶ ነው፤ ሞተርህም ወደዚያ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። 10 ፈረስ ጉልበት ስትገዛ 8 ከምናምን ገዛሁ በል።

መልስ፦ ባለብየዳው

እኔ ለመዝናኛ ጀልባዎች ጣሪያ ሠርቻለሁ፣ እዚሁ ሀዋሳ። አደራ በላሜራ እንዳታሠራ። 2 ሚሊ ላሜራ በካሬ 16 ኪሎ ገደማ ነው። 3 በ2 የሆነ ጣሪያ 6 ካሬ ነው፤ 94 ኪሎ መጣ። አንድ ወፍራም ሰው ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ተኝቷል ማለት ነው! በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም ቢሆን 32 ኪሎ ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ብየዳውም ሁሉም ሰው አይችለውም፣ ግን ያዋጣል። ላሜራ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ምጣድ ነው።

የሚነሳውን ጣሪያ እኔ ብሠራው ከፊት በኩል ማጠፊያ አደርግለታለሁ። ከኋላ ግራና ቀኝ የቪትዝን የኋላ በር እንደሚያነሳው ዓይነት በጋዝ የሚሠራ ዘንግ። ዙሪያውን የሸራ መጋረጃ፣ ዝናብ እንዳይገባ። ስትንቀሳቀሱ ግን ተቆልፎ ነው፣ ያለዚያ ነፋሱ ገንጥሎ ነው የሚወስደው።

ረጅሙ (ጠያቂው)

እግዜር ይስጣችሁ። ሲባጎውን ወጠርኩት። እናቴ ገብታ "ቤቱን ደግሞ በገመድ ማሰር ጀመርክ?" አለች። ነገሩን ሳስረዳት ሳቀችና በርጩማዋን ይዛ ገመዱ ሥር ገባች። ቡናውንም እዚያው አፈላች። የቡና ነገር በዚያው አለቀ፤ ፈረንጁ ምድጃው ፊት መቆም አለብኝ ይላል፣ እኛ ቡና የምናፈላው ቁጭ ብለን ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ገመዱን መታሁት፤ ዘጠኙ በር ያልኩት ቦታ ላይ ነው፣ ሁለቱ ሱሪ ስለብስ። ስለዚህ መቆም የምፈልገው መግቢያው ጋ ብቻ ነው፣ 1 በ1.20 የሆነ ቦታ። ጣሪያው እዚያ ጋ ብቻ ቢነሳስ?

ወንድሜም 9 ሜትሯን ተወ። አሁን ኪሏ የሚታጠፍ 7 ሜትር ከግማሽ የሆነች እያየ ነው።

መልስ፦ የሲያትሏ

የእናትህ ሐሳብ ደስ ይላል፣ ግን ከሰሉን ካቢን ውስጥ እንዳታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል፣ ጣሪያው ተከፍቶም ቢሆን። ከሰሉን ዳር ላይ ስትቆሙ መሬት ላይ አቀጣጥሉት።

መልስ፦ ባለብየዳው

1 በ1.20 ከሆነማ ቀላል ነው። በአሉሚኒየም ከ7 ኪሎ አይበልጥም፣ እናትህም በአንድ እጇ ታነሳዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በል። ወንድምህ የላከውን ፎቶ ሳይሆን ልኩን ይዘህ ና።