ካራማራ የተዋጋው አባቴ በ1980 ዓ.ም. ወደ ሰሜን የተዛወረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ

አባቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። በ1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ ከገጠር ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነ፣ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ በጅጅጋ ግንባር የተሰለፈ፣ በ14 ዓመት አገልግሎቱ ከአሥር አለቅነት ያላለፈ ወታደር ነበር። እናቴ በሣጥን ያቆየቻቸውን ደብዳቤዎቹን በቅደም ተከተል ሳነብ፣ እስከ 1980 አጋማሽ ያሉት ሁሉ ከጅጅጋ የተጻፉ ሲሆኑ ከዚያው ዓመት ሰኔ ወዲህ ያሉት ከአሥመራ የተላኩ መሆናቸውን አስተዋልኩ። የተዛወረበትን ምክንያት በአንዱም አልጻፈም።

ስለ ካራማራ መናገር ታክቶት አያውቅም ነበር፤ የድሉ ቀን የካቲት 26 በደረሰ ቁጥር እኛን ሰብስቦ የጓዶቹን ስም እየጠራ ያወጋን ነበር። ስለ አሥመራው ሦስት ዓመት ስንጠይቀው ግን «እሱ ይቅር» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። አሥመራ በሻዕቢያ እጅ የገባችው ግንቦት 16 ቀን 1983 ሲሆን፣ አባቴ ቤቱ የደረሰው በነሐሴ ነው። የሕይወት ታሪኩን ለልጆቼ ጽፌ ማስቀመጥ ስለምፈልግ፣ ስለ ዝውውሩና በእነዚያ ወራት የት ሊሆን እንደሚችል የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከአንድ የታሪክ መምህር

እኅቴ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። የደብዳቤዎቹ አድራሻ የተለወጠበት ጊዜ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። በመጋቢት 1980 ሻዕቢያ በኤርትራ አፍአበት የነበረውን ናደው ዕዝ የተባለ የመንግሥት ጦር ደመሰሰ፤ መንግሥትም የተከፈተበትን የሰሜን ግንባር የሚደፍንበት ጦር በአስቸኳይ አስፈለገው። በዚያ ጊዜ ለውጊያ የተዘጋጀ ብዙ ሠራዊት የቆመው በምሥራቅ ነበር፤ ምክንያቱም በካራማራ ድል ሶማሊያ ጦሯን ብታስወጣም ሁለቱ አገሮች እርቅ ሳያወርዱ አሥር ዓመት ተፋጠው ነበር። ከአፍአበት ሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 25 ቀን፣ ሞቃዲሾ ላይ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ አንዱም የሌላውን ተቃዋሚዎች መርዳት ሊያቆም ተስማሙ። ከአሥር ዓመት በላይ የታሰሩ የጦር ምርኮኞችም በዚሁ ምክንያት ተለቀቁ። ከምሥራቅ የተነሣው ጦር ወደ ሰሜን የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው፤ የአባትሽ የሰኔ ደብዳቤ ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል።

መልስ፦ ከአንድ የቀድሞ ሠራዊት አባል

ልጄ፣ እኔም የታጠቅ ሠልጣኝ ነኝ፤ እኔም በዚያው ዓመት ከምሥራቅ ወደ አሥመራ ተወስጃለሁ። አባትሽን ላውቀው ወይም ላላውቀው እችላለሁ፤ ዝምታውን ግን አውቀዋለሁ።

ታጠቅ ስንገባ ብዙዎቻችን ከማረሻ በቀር ብረት ጨብጠን የማናውቅ ነበርን። ሥልጠናው የወራት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ለምን እንደምንሄድ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ የመጣው ጦር ድንበር ተሻግሮ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ነበርና። ሰሜን ስንደርስ ያ ነገር የለም። ምሽጋችንና ምሽጋቸው በጣም ከመቀራረቡ የተነሣ ሌሊት ሲያስሉ እንሰማ ነበር፤ አንድ ጊዜ የቆሰለ ምርኮኛ ስናመጣ በጥሩ አማርኛ «ወንድሜ፣ ኮዳህን ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ይህን ለልጆቼ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ አባትሽም «እሱ ይቅር» ያለው ስለ ሽንፈቱ ብቻ አይመስለኝም።

የካቲት 1982 ምፅዋ ከተያዘች በኋላ የባሕሩ በር ስለተዘጋ ለከተማውም ለሠራዊቱም ስንቅ የሚመጣው በአውሮፕላን ብቻ ነበር፤ ኮቾሮ፣ ያ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ እንኳ በቁጥር ሆነ። ግንቦት 1983 በደቀመሐሬ በኩል ግንባሩ ሲሰበር የሠራዊቱ ከፊል በከረን አድርጎ ወደ ሱዳን አቀና፤ በዚያ መንገድ በውኃ ጥም የቀረው ብዙ ነው። ሌላው መረብን ተሻግሮ በትግራይ በኩል በእግሩ ወረደ። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነበርኩ። ጦርነቱ ልጆቹን የወሰደበት ገበሬ እንጀራ ከቤቱ እያወጣ አብልቶናል፤ ዩኒፎርማችን በላያችን አልቆ ስለነበር ያለውን ያለበሰንም አለ። ከዚያም እንደ ጦላይ ባሉ ካምፖች ተሰብስበን ከቆየን በኋላ ነው የተሰናበትነው። በመንገድ ወይም በካምፕ ከሆነ እስከ ነሐሴ መቆየቱ አያስገርምም።

መልስ፦ ከአንድ የወታደር ልጅ

የእኔም አባት በሰሜን አገልግሏል፤ እኔ የያዝኩት አቋም ግን የተለየ ነው። አባትሽ ሳይናገር የሞተውን ነገር በሌሎች ሰዎች ትዝታ መሙላት ለእሱ ታማኝ መሆን አይመስለኝም። ካራማራን እሱ እንደነገረሽ ጻፊው፤ ለአሥመራው ዘመን ደግሞ ደብዳቤዎቹን ብቻ፣ ቀናቸውንና ቃላቸውን ሳትነኪ፣ እንዳሉ አስቀምጪያቸው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ያለውን ያለበሰንም አለ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝና ከሣጥኑ ሥር አንድ ጋቢ አወጣች። የጥለቱ አሠራር ከእኛ አገር የተለየ ስለሆነ ገዝቶት ይሆናል ብዬ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ፣ በነሐሴ ሲመጣ በባዶ እግሩ ሆኖ ይህንን ጋቢ ለብሶ ነበር፤ አጥባ ልታስቀምጠው ስትወስድበት «የሰው ነው፤ እመልሰዋለሁ» ብሎ ከእጇ ተቀበላት።

ደብዳቤዎቹን እንደተመከርኩት ቃላቸውን ሳልነካ እገለብጣለሁ። የካራማራውንና የአሥመራውን ዘመን ግን በአንድ ምዕራፍ አደርጋቸዋለሁ፤ ሁለቱንም የተጓዘው ያው አንድ ሰው ነውና። ከአሥመራ የጻፈው የመጨረሻው ደብዳቤ የሚያዝያ 1983 ሲሆን፣ ስለ ጦርነቱ አንድም ነገር የለበትም፤ የሚጠይቀው በሬዎቹ ለእርሻ ደርሰው እንደሆነና እኔ ፊደል መቁጠር ጀምሬ እንደሆነ ነው።