ወጣቶችን ለአየር ንብረት ሥራ ለማብቃት ቅድሚያ የሚገባው ኮዱ ነው ወይስ ልኬቱ?

አወያይ

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ «ወጣቶችን ለአየር ንብረት ለውጥ ሥራ ለማብቃት የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ በቅድሚያ ለኮዲንግና ለዳታ ሥልጠና ይዋል።» ጉዳዩን ወቅታዊ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ትምህርቶችን በኢንተርኔት በነፃ በመስጠት ላይ ይገኛል፤ 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወስኗል። ተከራካሪዎች ከየሥራችሁ በመነሣት ሐሳባችሁን አቅርቡ።

የካርታ ባለሙያዋ፣ ከባሕር ዳር

ሐሳቡን እደግፋለሁ። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ መታወቅ ከጀመረበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ አረሙ በዚህ ሳምንት የት እንዳለ ማወቅ የማንኛውም ዘመቻ መነሻ ነው። ነፋስ ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ስለሚገፋው ትናንት በጀልባ የታየበት ቦታ ዛሬ ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ግን ያንኑ ዳርቻ በየአምስት ቀኑ ያነሡታል፤ የምስሉ እያንዳንዱ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ይሸፍናል፤ ምስሉንም ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማውረድ ይችላል። ለምለም ቅጠል ለዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን አብዝቶ ሲመልስ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጥቂት መስመር ኮድ መጻፍ የሚችል ወጣት አረሙን ከውሃው ለይቶ ስፋቱን በሄክታር ማስላት ይችላል። (በክረምት ደመናው እንደሚያስቸግረን ባልናገር ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።)

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን በወረረ ጊዜም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ኢሎከስት 3ኤም የተባለ የስልክ መተግበሪያ አሠራጭቶ ነበር። በየመስኩ ያለ ሰው መንጋውን ያየበትን ቦታና ቀን ከነፎቶግራፉ ይልካል፤ የመርጫ አውሮፕላን የት እንደሚሰማራ የሚወሰነውም በእንዲህ ያለ መረጃ ነው። ስልክ በእጁ ያለ ወጣት በሚሊዮን ስለሚቆጠር፣ በትንሽ ወጪ ሰፊ ውጤት የሚገኘው ከዚህ ነው እላለሁ።

የፊዚክስ መምህሩ፣ ከደሴ

እኔ ተቃዋሚ ነኝ። እህታችን የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ጥያቄዬ ያንን ኮድ የሚጽፈው ወጣት ከየት ይመጣል የሚል ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሂሳቡና ፊዚክሱ ባልተያዘበት ሁኔታ የሚሰጥ የዳታ ሥልጠና ሰርተፍኬት ያስገኝ ይሆናል እንጂ ባለሙያ አያስገኝም።

በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ዝናብ መለኪያ አለ። ተረኛው ተማሪ ጠዋት በ3 ሰዓት የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መለኪያ ብርጭቆው ይገለብጣል፤ ብርጭቆውን በዓይኑ ትክክል አድርጎ ይይዝና፣ ውሃው ከጠርዙ ላይ ወደ ላይ ስለሚሳብ፣ ከመካከል ዝቅ ብሎ ከሚታየው ገጽ ላይ ያነባል። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ዜሮ ይጻፋል፤ ማንም ሳያነብ በታለፈ ቀን ግን ሰረዝ ነው የሚሰመረው። ይህን ልዩነት ያልተማረ ልጅ ሁለቱንም ዜሮ ያደርጋቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው የዳታ ባለሙያም በዓል በመጣ ቁጥር ዝናብ የማይጥልበት አገር ያገኛል።

ሌላም ልጨምር። «12 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት ምን ማለት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ተማሪዎች ቁጥሩን ይደግማሉ እንጂ በዓይነ ሕሊናቸው አያዩትም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ መሆኑን፣ ስለዚህም 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያ ዝናብ 480 ሊትር ማለት እንደሆነ አስልቶ ያገኘ ልጅ ግን በማግስቱ ስለ አሸንዳና ስለ በርሜል ይጠይቃል። ለእኔ የአየር ንብረት ትምህርት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የቀበሌው ዲኤ፣ ከወላይታ

ሁለታችሁም መረጃ ስለሚሰበሰብበት ጫፍ ተናገራችሁ፤ እኔ ግን ዲኤ፣ ማለትም የቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ስለሆንኩ ያለሁት መረጃው በሚደርስበት ጫፍ ላይ ነው። የበልግ ትንበያ ወደ እኛ ሲመጣ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ተብሎ በመቶኛ ተከፋፍሎ፣ ሰፊ አካባቢን በአንድ ቀለም ቀብቶ ነው። አርሶ አደሩ ግን የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «በቆሎውን አሁን ልዝራ ወይስ ልቆይ? ከቆየሁስ ወደ ቦሎቄ ልዙር ወይስ ስኳር ድንች ልትከል?» ሦስት መቶኛዎችን ወደ አንድ ምክር መለወጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሰው ስለ ዕድል ስሌት አስተውሎ መናገር መቻል አለበት፤ ይህንን ያስተማረን የለም። በስልክ ቁጥር 8028 የሚደወልበት የግብርና መረጃ መስመር ጥሩ መንገድ ከፍቷል፤ ለገበሬው በሚገባው ቋንቋና በድምፅ ይናገራልና። ሆኖም መልሶ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

ነገሩ የሰብል ብቻም አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ከከባድ ዝናብ በኋላ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ወገኖች ነበሩ። ውሃ የጠገበ ቁልቁለት ከአንድ ናዳ በኋላ ሊደግም እንደሚችል የሚያውቅና በዚያ ሰዓት ሕዝቡን «ወደ ጎን ውጡ» ብሎ የሚያዝ የሠለጠነ ወጣት በየቀበሌው ቢኖር ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አስቡ። ያ ወጣት የሚያስፈልገው ኮድ አይደለም፤ የአፈርና የውሃ እውቀት፣ ተሰሚነትና ስልክ ነው።

ሥልጠናውን የጨረሰው፣ ከአዳማ

የዳታ ሳይንስ ትምህርቱን ጨርሼ ሰርተፍኬቱን ይዣለሁ። መምህር፣ ተማሪው መሠረት የለውም ያሉትን አልቃወምም፤ መሠረት ያለውም ሰው ግን በር ተዘግቶበት እንደሚቆም ልንገርዎ። የአንድ ጣቢያ የዕለት ዝናብ መዝገብ ፈልጌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ ተጠየቅሁ፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መሥሪያ ቤትም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ስለሌለኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በመጨረሻ የሠራሁት ከውጭ አገር የወረደ የሳተላይት ግምት ይዤ ነው። የተለማመድኩባቸው ሠንጠረዦችም በአብዛኛው የሌላ አገር ሽያጭና የሌላ አገር የቤት ዋጋ ነበሩ፤ ስለ ራሴ አገር በልግ የተማርኩት ነገር የለም። ስለዚህ «ኮድ ይቅደም ወይስ ልኬት» ከማለታችን በፊት የተለካው ለማን እንደሚሰጥ ብንወስን ይሻላል። ልኬቱ በመዝገብ ቤት ተቆልፎ፣ ኮድ ጸሐፊው ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጣቸው ነው የእኛ ችግር።

የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኙ፣ ከአዲስ አበባ

ክርክሩ ሁሉ በዝናብና በካርታ ላይ ዋለ፤ የእኔ አጭር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ኃይል የበካይ ጋዝ ልቀትን የሚቀንሰው መኪናው መንገድ ላይ ሲቆይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በካርቡሬተር ያደገ መካኒክ በልማድ የሚነካው ዕቃ አይደለም፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ኬብሎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ የባትሪው ማቋረጫ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ድረስ መጠበቅና በመለኪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። ወጣቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚማረው ብቻ «ዲጂታል» እየተባለ፣ ኮምፒውተሩን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ የባትሪ ሴሎችን ቮልቴጅ የሚያነበው የጋራዥ ልጅ ከቁጥር ውጭ መሆኑ ያሳዝነኛል። ገንዘቡ ለእሱም ይድረስ።

የካርታ ባለሙያዋ፣ ከባሕር ዳር

ለመምህሩ መልስ አለኝ። የዝናብ መለኪያው አስፈላጊነት አያከራክርም፤ እንዲያውም የእኔ ሥራ ያለ እሱ እንደማይቆም ራሴ ልመስክር። ከሳተላይት የእምቦጩን ስፋት ስናወጣ ደንገሉም፣ በፎገራ ዳርቻ ያለው የሩዝ ማሳም በምስሉ ላይ እንደ አረሙ ለምልሞ ስለሚታይ፣ በጀልባ ወርዶ ነጥቦችን የሚያረጋግጥ ሰው ከሌለ ካርታው ይሳሳታል። ይሁን እንጂ የአዳማው ወንድማችን በንቀት የጠቀሰው የሳተላይት ግምት የሚናቅ አይደለም። ቺርፕስ የተባለው መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይሰጣል፤ የተሠራውም የሳተላይት ግምትን ከምድር ጣቢያዎች ጋር በማዋሐድ ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ዲንኩም ከአገራችን የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ኢናክትስ በተባለው ሥራ ከዚህ የበለጠ ሄደዋል፤ በአገር ውስጥ ያሉትን ብዙ ጣቢያዎች መዝገብ ከሳተላይቱ ጋር አስማምተው ጣቢያ ለሌለበት ቦታ ጭምር የሚያገለግል ታሪካዊ መረጃ አዘጋጅተዋል። ይህን ያስቻለው ኮድ ነው። የሺህ ትምህርት ቤቶች መለኪያ ቢኖረን እንኳ መዝገቡን አጥርቶ፣ ያንን የመምህሩን የሐሰት ዜሮ ከእውነተኛው ለይቶ የሚያወጣ ወጣት ያስፈልገናል፤ ዜሮው የሐሰት መሆኑ የሚታወቀው ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር በማነጻጸር ነውና።

የፊዚክስ መምህሩ፣ ከደሴ

ተቀብያለሁ፤ ግን ማነጻጸሪያ የሚሆነው ጎረቤት ጣቢያ ራሱ መኖር አለበት። ጣቢያ በተራራቀበት ተራራማ አገር፣ አንዱ ሸለቆ ሲዘንብበት ሌላው ፀሐይ በሚሆንበት በእኛ በወሎ፣ የተዋሐደው ግምት የሚደገፍበት ነገር ያጣል። ታህሞ የተባለው ድርጅት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች 20,000 አነስተኛ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎችን ለመትከል ሲያቅድ ትምህርት ቤቶችን የመረጠው በከንቱ አይደለም፤ ጥበቃም፣ አንባቢም፣ ተማሪም በአንድ ግቢ ይገኛሉ።

በአረንጓዴ አሻራም ያየሁት ይኸው ነው። በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ልጆቹ ደስ አላቸው፤ በቀጣዩ ዓመት ግን የጽድቀት መጠኑን እንዴት እንደምንቆጥር ስጠይቃቸው የናሙና ቦታ መምረጥን የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም ዳር ዳሩን፣ መንገድ አጠገብ ያለውን፣ ውሃ የሚጠጣውን ሊቆጥር ሄደ። ያ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ቢገባ ምን ይፈይዳል? አገሪቱ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ልቀቷን ምንም ባይደረግ ይደርስበታል ተብሎ ከሚጠበቀው በ68.8 በመቶ ለመቀነስ በ2021 ለዓለም ያሳወቀችው ዕቅድ፣ ከ68.8ቱም ውስጥ 14ቱን በራሷ አቅም ለመወጣት የያዘችው ግብ፣ ነገ በመለካት መረጋገጥ ያለበት ነው። የዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚለካ የማያውቅ ወጣት ስለ ካርበን ሪፖርት ቢጽፍ ማን ያምነዋል?

የካርታ ባለሙያዋ፣ ከባሕር ዳር

እንግዲያውስ የመከራከሪያውን ሐሳብ ቃል እንለውጥ። «በመንግሥት ወይም በእርዳታ ገንዘብ የሚሰጥ ማንኛውም ለአየር ንብረት የታሰበ የዲጂታል ሥልጠና፣ ቢያንስ አንድ ወቅት ሙሉ ሠልጣኙ ራሱ በመስክ በለካው የአካባቢው መረጃ ላይ ይሠራ፤ የጋራዡም ሥልጠና በዚሁ ይቆጠር» ብንል መምህሩ ይፈርማሉ?

የቀበሌው ዲኤ፣ ከወላይታ

የሥልጠናው የመጨረሻ ፈተና ውጤቱን ለአርሶ አደር በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ይሁን የሚል ከተጨመረበት እኔ እፈርማለሁ።

የፊዚክስ መምህሩ፣ ከደሴ

የዲኤውን ጭማሪ እደግፋለሁ። ለእኔ ግን የአዳማው ልጅ ያነሣው ካልገባበት አይበቃም። ተማሪዎቼ በየጠዋቱ የሚያነቡት ቁጥር ራሳቸው መልሰው ሊያገኙት የማይችሉት ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጠዋት በ3 ሰዓት ብርጭቆ የሚይዝልኝ ልጅ አላገኝም። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ የዕለት ዝናብ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ይሁን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፤ እስከዚያ ድረስ ድምፄ ተቃውሞ ሆኖ ይመዝገብ።