4ኬ የጥምቀት ቪዲዮ ቲቪ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከማራኪ
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ የጥምቀትን በዓል ፋሲለደስ መዋኛ ሄዶ በካሜራ ቀርጿል። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት አልወረደችም፤ ቤት ሆና እንድታይ ነው የተቀረጸው። ርዝመቱ 45 ደቂቃ፣ ፋይሉ 33 ጊጋባይት ነው። ላፕቶፕ ላይ ደህና ይሄዳል። በፍላሽ 4ኬ ቲቪያችን ላይ ስከፍተው ግን ምስሉ ይቆምና ድምፁ ብቻውን ይቀጥላል። የሚብሰው ጸበሉ ሲረጭና ወጣቶቹ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ ነው። ውጭ አገር ላለችው እህታችንም በቴሌግራም ልልክላት እፈልጋለሁ። ጥራቱ ሳይበላሽ እንዴት ላሳንሰው?

መላሽ፣ ከአዘዞ
ፍላሹ ቀርፋፋ ሆኖ ይሆናል። ሌላ ሞክሪ።

ቪዲዮ ኤዲተር፣ ፒያሳ
እታለም፣ ፍላሹ አይመስለኝም። እናስላው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 33 ጊጋባይት በ8 ሲባዛ 264,000 ሜጋቢት ይሆናል። 45 ደቂቃ ደግሞ 2,700 ሰከንድ ነው። ሲካፈል በሰከንድ 98 ሜጋቢት ገደማ ይመጣል። ቢትሬት የሚባለው ይሄ ነው። በባይት ከ12 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል፤ ደህና ፍላሽ አያቅተውም።

የሚያቅተው የቲቪው ቺፕ ነው። የተጨመቀውን ፈትቶ ምስል የሚያደርገው እሱ ነው፤ አቅሙም ገደብ አለው። ገደቡን ከቲቪው መመሪያ ላይ ታገኚዋለሽ።

ውሃው ላይ ለምን ባሰ? ጭመቃው ቦታ የሚቆጥበው ከአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱ) ወደሚቀጥለው ያልተለወጠውን እንደገና ባለመጻፍ ነው። ካህናቱ ቆመው ሲጸልዩ ከኋላ ያለው ግንብ አይንቀሳቀስም፣ ትንሽ ዳታ ይበቃዋል። ጸበል ሲረጭ ግን ጠብታው ሁሉ አዲስ ነው። ስለዚህ 98 አማካይ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

መላሽ፣ ከቀሃ
እህቴ፣ 720ፒ (ከ4ኬ በጣም ያነሰ የምስል መጠን) አድርጊውና ተገላገይ። ማን ልዩነቱን ያያል?

ቪዲዮ ኤዲተር፣ ፒያሳ
ወንድሜ፣ ለቴሌግራሙ ልክ ነህ፤ ለእናትየው ቲቪ ግን አዝናለሁ። ትልቅ ስክሪን ላይ የሰው ፊት ይደበዝዛል። እናት ዘመድ ጎረቤቱን ለይታ ማየት አለባት!

ሀንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርጂ። ሁለት ፋይል ሥሪ።

ለቲቪው መጠኑን 4ኬ እንደሆነ ተዪው። ኮዴኩ (የመጭመቂያው ዘዴ) ኤች 265፣ አማካይ ቢትሬቱ 40 ሜጋቢት ይሁን፤ ፕሮግራሙ በኪሎቢት ስለሚጠይቅሽ 40,000 ብለሽ ጻፊ። 13.5 ጊጋ አካባቢ ይወጣል። ዩቲዩብ ራሱ በሰከንድ 30 ፍሬም ለሆነ 4ኬ ቪዲዮ ሲጫን ከ35 እስከ 45 ሜጋቢት ነው የሚመክረው።

ለእህትሽ 720ፒ፣ ኤች 264፣ 5 ሜጋቢት። ድምፁን ጨምሮ 1.75 ጊጋ ገደማ ነው። ቴሌግራም በነፃ እስከ 2 ጊጋ ስለሚቀበል ያልፋል። ቴሌግራም እንደገና እንዳይጨምቀው እንደ ፋይል ላኪው። እዚህ ላይ 4ኬ ልያዝ ብትዪ ግን ይበላሻል፤ 5 ሜጋቢት ለዚያ ሁሉ ፒክስል አይበቃም፣ ውሃው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

ሙሉውን ከመጀመርሽ በፊት ውሃው ያለበትን ሁለት ደቂቃ ብቻ ቆርጠሽ ሞክሪ። እሱ ካለፈ ሌላው አያስቸግርም።

ጠያቂ፣ ከማራኪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የውሃው ክፍል ቲቪው ላይ ሳይቆም ሄደ። አሁን ሙሉውን እየሠራሁት ነው፤ ላፕቶፑ ግን በጣም ሞቀ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሲያልቅ ዋናውን 33 ጊጋ ላጥፋው?

ቪዲዮ ኤዲተር፣ ፒያሳ
ኧረ በፍጹም! ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪው። አንዴ የተጣለ ዳታ አይመለስም። ሌላ መጠን ብትፈልጊም ከዋናው ነው እንጂ ካሳነስሽው ላይ አትሥሪ። መሞቁ ያለ ነው፤ መብራት እንዳይቋረጥብሽ ብቻ ባትሪውን ሞልተሽ ሥሪ።