ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሜያለሁ፣ ራዲያተሩ ውሃ ይረጫል! አስቸኳይ

መንገድ ላይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዓባይን ዳገት ጨርሼ ጎሐ ጽዮን ልገባ ስል የሙቀት መርፌው ቀዩ ላይ ደረሰ። ኮፈኑን ስከፍተው ውሃ ከላይ በኩል ይረጫል፣ እንፋሎቱ ለጉድ ነው። ራዲያተሩ ስለተበላሸ መቀየር አለበት። እዚህ አካባቢ የት ይገኛል? ስንት ነው? አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ይዣለሁ፣ ልጨምርበት? ቶሎ በሉልኝ እባካችሁ።

ካቻቪቴ፦
እንዳትጨምር! ክዳኑንም አትንካ። ሞተሩን አጥፋ፣ ኮፈኑ ክፍት ይሁን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ተወው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው፤ እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባበት ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ያኔ የራዲያተር ወጪ ምንም አይደለም። ከዚያ ራዲያተሩንና ሞተሩን የሚያገናኘውን የላይኛውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው። ጠጣር ከሆነ ገና ጫና አለው። ሲለሰልስ ክዳኑ ላይ ወፈር ያለ ጨርቅ ጣል አድርገህ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙር፣ ተንፍሶ ይጨርስ፣ ቀጥሎ ተጭነህ ክፈት። ፊትህን አርቅ።

ዲኤክስ ለዘላለም፦
ሻይ ቅጠልና ስኳር ብቻ ነው የቀረህ 😂

ጋሽ ቴርሞ፦
ልጆች፣ መጀመሪያ ነገሩን ተረዱት። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ፋን የሚነሣው ደግሞ በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ጫና ካልያዘ ፋኑ ሳይነሣ ውሃው ይፈላል ማለት ነው። 0.9 (የጫናው ልክ በባር) ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን በዚያ ከፍታ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሲገባበት ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ቆላ ላይ ያለ ሾፌር በላላ ክዳን ሊኖር ይችላል፣ ደጋ ላይ ግን አይኖርም። እኛ አገር ሰው ራዲያተር ይቀይራል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ የክዳኑን ጎማ ገልብጦ የሚያይ ግን የለም። ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ክዳኑን ቀይሩ። ደግሞ 0.9 የነበረበት ላይ 1.3 አትሰኩ፤ ያረጀው ፕላስቲክ ይፈነዳል።

ካንዴላ 4፦
ጋሼ፣ ሰውየው መንገድ ላይ ነው፣ ፊዚክሱ ይቆየው። ጠያቂው፣ ራዲያተሩ ተበላሸ ያለህ ማን ነው? "ከላይ ይረጫል" ጎማው ሊሆን ይችላል፣ ጎማውን የሚያስረው ፋሼታ ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑም ሊሆን ይችላል። መኪናው ምንድነው? ኦቶማቲክ ነው ማንዋል? ኤሲ ከፍተህ ነበር? ሙቀቱ የሚጨምረው ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆመህም? ቆመህ ሞቆ ስትሄድ ከቀዘቀዘ ችግሩ ፋኑ ነው። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከሞቀ ደግሞ ውሃው በደንብ አይዞርም፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ)፣ ወይም የውሃ ፓምፕ ነው።

መንገድ ላይ፦
ወንድም ሳይሆን እህት ነኝ። ኮሮላ 2004፣ ኦቶማቲክ። ኤሲ ከፍቼ ነበር፣ ከፊቴ ከባድ መኪና ስለነበረ ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። አሁን ቀዝቅዟል። የላይኛው ጎማ የሚገባበት ጥቁር ፕላስቲክ ሥሩ ላይ ስንጥቅ ይታያል። ክዳኑ ጎማው ደህና ይመስላል። እናቴ መኪና ውስጥ ናት፣ አዲስ አበባ ማታ መድረስ አለብን።

የበረሃ ንጉሥ፦
አንድ እንቁላል ሰብረሽ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሪ፣ ይደፍነዋል። ካልሆነ ሳሙና ለጥፊበት።

ካቻቪቴ፦
ሳሙና ለሰልባትዮ (ለነዳጅ ታንክ) ነው፣ ቤንዚን አያሟሟውም፣ ውሃ ግን ያሟሟዋል። እንቁላሉም ስንጥቁን ትቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችና ማሞቂያውን ይደፍናል። እንዲህ ያለ ምክር አትስጡ።

ባለ ሚኒባስ፦
ቴርሞስታቱን አውጥተሽ ጣይው። ውሃው እንደልቡ ይዞራል።

ካንዴላ 4፦
ይሄ የማይሞት ምክር! ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈተው ሞተሩ በልኩ እንዲሞቅ ነው። ከወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። ብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መስመር ይዘጋል፤ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ጠዋት ችግር የለውም፣ ዳገት ላይ ግን ይፈላል። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ይቀየር እንጂ ባዶውን አይተው። ደግሞ የእሷ ችግር የተሰነጠቀ አንገት (ጎማው የሚገባበት ፕላስቲክ) ነው፣ ከቴርሞስታት ጋር ምን አገናኘው?

ባለ ሚኒባስ፦
እሺ ፕሮፌሰር።

ካቻቪቴ፦
እህቴ፣ ስንጥቁ አንገቱ ላይ ከሆነ ለመድረስ ያህል የሚሆን መላ አለ። ውሃውን ከአንገቱ በታች እስኪሆን ድረስ ከሥር ቀንሺ። ጎማውን እያወዛወዝሽ አውጪ፤ በካቻቪቴ ፈልቅቀሽ እንዳታወጪ፣ አንገቱ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው። ስንጥቁ ጎማው ከሚሸፍነው ቦታ ከሆነ ጎማውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ አስገቢና ፋሼታውን ከስንጥቁ ባሻገር እሰሪ። ሥሩ ላይ ከሆነ ግን ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሪ፣ ደረቅ አድርጊ፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ሙጫ (ኤፖክሲ) ቀቢበት፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ይቆይ። ያልደረቀ ሙጫ አንድ ኪሎ ሜትርም አያስኬድሽም።

ውሃ የምትሞይው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አድርጊው፤ ጫና ስለማይዝ ስንጥቁን አይገፋውም። ግን ጋሽ ቴርሞ እንዳሉት በ92 ይፈላል፣ ስለዚህ ኤሲ ዝጊ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቺ፣ መስኮት አውርጂ፣ ሞተሩን ሳታስጮሂ ሂጂ። በየ10 ኪሎ ሜትሩ ቆመሽ እይ። ገብረ ጉራቻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ ጋራዥ ጠይቂ፤ በዚህ መላ አዲስ አበባ ለመድረስ አታስቢ። አንድ ነገር ደግሞ፦ መርፌው ቀይ ላይ ቆይቶ ድንገት ወደ ታች ከወረደ ደስ እንዳይልሽ። ሴንሰሩ ሙቀት የሚለካው ውሃ ሲነካው ነው። ውሃው ካለቀ በእንፋሎት ውስጥ ቀርቶ ውሸት ይናገራል። ወዲያው አጥፊ።

ዲኤክስ ለዘላለም፦
ዋናው ነገር፣ ትኩስ ሳለ ክዳኑን እንዳትከፍቺ።

ካንዴላ 4፦
ይሄ ከአንድ ሰዓት በፊት ተብሏል ወንድሜ።

ጋሽ ቴርሞ፦
ልጄ፣ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ሌላ ነገር እይ። መርፌው ቀይ ላይ ስለደረሰ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን ዲፕስቲክ አውጪ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ አታስነሺው፣ ተጎትተሽ ሂጂ። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍተሽ ሞተሩን አስነሺ። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ጎማው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ከሆነ፣ የሲሊንደር ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ያኔ ራዲያተር መቀየር ብቻውን ገንዘብ ማባከን ነው።

ራዲያተር ቤት፦
የድሮው መዳብ ራዲያተር በስታኞ (ቀልጦ በሚይዝ ብረት) ይበየድ ነበር። የእርስዎ ግን አሉሚኒየም ሆኖ ግራና ቀኙ ወይም ላይና ታቹ ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲኩ በጎማ ቀለበት ተጠብቆ በብረት ጥርስ ይታጠፋል። አንገቱ ከተሰበረ ፕላስቲኩን ብቻ የሚቀይሩ አሉ፣ ያረጀ ከሆነ ግን ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፦ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ሱቅ ሲደርሱ ውፍረቱን፣ የጎማ መግቢያዎቹን ስፋትና የመያዣዎቹን ቦታ አነጻጽሩ። ኦቶማቲክ ስለሆነ ከሥር ሁለት የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ቱቦ መግቢያ ያለው መሆን አለበት፤ የማንዋሉ የለውም። ዋጋውን አልነግርዎትም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል።

አወጣጡ፦ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ያላቅቁ፣ ከሥር ያለውን የፕላስቲክ ቡሎን ከፍተው ውሃውን በባልዲ ያውጡ (ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፣ ውሻና ልጅ እንዳይቀምሰው)። የፋኑን ሶኬት፣ ሁለቱን ጎማዎች፣ ከዚያ የካምቢዮ ቱቦዎቹን አውጥተው ጫፋቸውን ይድፈኑ። ከላይ ያሉትን ሁለት መያዣዎች ፈትተው ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሡ። ከሥር ያሉት ጎማ እግሮች አሮጌው ላይ እንዳይቀሩ። ጎማዎቹ ካበጡ ወይም ከተሰነጠቁ አብረው ይቀየሩ። ፋሼታ በኃይል አያጥብቁ፤ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው። የፋብሪካው ስፕሪንግ ፋሼታ ደህና ከሆነ እሱን ይመልሱ።

አሞላል፦ ያ ኮሮላ ወደ 6 ሊትር ተኩል ይይዛል። ያልተበረዘ ኩላንት ከሆነ ግማሹ ኩላንት፣ ግማሹ የተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ የሚባለው)። የቶዮታው ሮዝ ግን አስቀድሞ የተበረዘ ነው፣ ውሃ አይጨመርበትም። ሁለት ዓይነት አይቀላቅሉ። የባትሪ ውሃ ሲገዙ አሲድ እንዳይሰጡዎ ይዩ። ቀስ ብለው ሞልተው ማሞቂያውን ሙሉ ከፍተው ክዳን ሳይኖር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስኪዱት፣ ጎማውን ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉ፣ አየሩ ይወጣል፤ የታችኛው ጎማ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል። ይሙሉ፣ ይዝጉ። የካምቢዮ ዘይቱንም በዲፕስቲኩ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይሙሉ። በማግስቱ ጠዋት ከማስነሣትዎ በፊት ደግሞ ይዩት፣ መቀነሱ አይቀርም።

መንገድ ላይ፦
ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ አረፋም የለም። ሙጫ አንድ ልጅ ሄዶ እያመጣልኝ ነው። ስንጥቁ ሥሩ ላይ ነው።

ቢጫዋ ቪትዝ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ለቪትዝ ስንት ሊትር ነው?

ራዲያተር ቤት፦
እንደ ሞተሩ ይለያያል። ሲያወርዱት የወጣውን በባልዲ ይለኩት፤ ሞተሩ ውስጥ የሚቀር ስላለ አዲሱን ከዚያ ትንሽ አብዝተው ያዘጋጁ።