ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ እናቴ በትክክል ስንት ሰዓት ነው የምትበረው?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሐምሌ ወደ ዋሽንግተን ልትመጣልኝ ነው፤ የመጀመሪያዋ ነው። ትኬቱ ከቦሌ 22:45 ተነስቶ በማግስቱ 8:00 ዳለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) ይገባል ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው? ጉልበቷን ያማታል፤ ምን ብዬ ልንገራት?

— እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ዘጠኝ ሰዓት ግን እንዳትያት። መነሻው የአዲስ አበባ ሰዓት ነው፣ መድረሻው የዋሽንግተን። በሐምሌ ልዩነቱ 7 ሰዓት ስለሆነ ጉዞው 16 ሰዓት ከሩብ ነው። መንገዱ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ወደዚህ ሲመጣ የሚረዝምበት ምክንያት አለው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ በተለያየ ጊዜ ደብሊንም ሎሜም ላይ ሲያርፍ ቆይቷል። ከላይ ያለው ነፋስም ከፊት ነው የሚገፋው። ስትመለስ ነፋሱ ከኋላ ይሆንላታል፣ ዳለስም ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ 13 ሰዓት አካባቢ በቀጥታ ትገባለች። የእሷ በረራ የሚያርፍ ከሆነ «ሲቆም ደረስኩ ብለሽ እንዳትወርጂ» በያት።

ዊልቸር ከአሁኑ አስመዝግቢላት፤ ክፍያ የለውም፣ ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ ላይም ይዟት የሚሄድ ሰው ይኖራል። መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

— እኔ የምጨምረው የሌሊት ትኬትን ነው። የአክስቴ ትኬት «ቅዳሜ 00:30» ይል ነበር። እኛ አገር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ቅዳሜ ከሌሊቱ ስድስት ተኩል ሲባል ቅዳሜ መሽቶ የሚመጣው ሌሊት ይመስላል። ሻንጣዋን በገመድ አስራ፣ በርበሬና ድርቆሹን ይዛ ቅዳሜ ማታ ኤርፖርት ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለወላጆቻችን በአበሻ ሰዓት እንንገራቸው፦ «ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ከቤት ውጪ» ብለን።

— ቀላል ዘዴ ልንገርሽ። ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ እዚህ ጠዋት 8 ሲል እዚያ በአበሻ ሰዓት ከቀኑ 9 ነው፤ አንድ መጨመር ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ሁለት ጨምሪ።

— እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁኑኑ ደወልኩላት። «ማታ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ትነሺያለሽ፣ በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ትደርሻለሽ» ስላት ስልኩን ሳትዘጋ ለጎረቤታችን ስትናገር ሰማኋት፦ «በሄድኩ ማግስት ቡና ላይ ስትቀመጡ ልጇ ዘንድ ደርሳለች በሉ።»