የማዕከሉ ኮምፒውተሮች በኢሜጅ ይታደሱ ወይስ እንዳሉ ይቆዩ?

ጣና ዳር፦ ሰላም ሰፈር! በቀደም የወጣት ማዕከላችን ኮምፒውተሮች አፕዴት እየወሰዱ መብራት ሄደና ሦስቱ እስካሁን አልተነሱም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። በዊንዶውስ ፈንታ ወደ ሊኑክስ እንሂድ፣ ያውም ቡትሲ በሚባለው መሣሪያ እንደ ኮንቴይነር ኢሜጅ ወደሚታደሰው።

ፖሊ፦ አቦ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ!

ጣና ዳር፦ እሺ። በተለመደው መንገድ ፓኬጆቹ፣ ማለትም የሲስተሙ ክፍሎች፣ የሚተኩት እየሠራህበት ባለው ሲስተም ላይ አንድ በአንድ ነው፣ መሃል ላይ መብራት ድርግም ካለ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚህኛው አዲሱ ሲስተም ኢሜጅ በሚባል አንድ ጥቅል ሙሉውን ለብቻው ይዘጋጃል። አሮጌው አይነካም። ሪስታርት ስታደርግ ወደ አዲሱ ትገባለህ፣ ካልተስማማህ ወደ አሮጌው ትመለሳለህ። የልጆቹ ፋይል ሌላ ቦታ ስለሆነ ባለበት ይቆያል።

ጋሽ ቀበሌ 14፦ ዳታውስ ልጄ? ማን ሊከፍል ነው?

ጣና ዳር፦ ጋሼ፣ ኢሜጁ በንብርብር የተከፋፈለ ነው፣ የሚወርደው የተቀየረው ንብርብር ብቻ ነው።

ደንገል፦ እሱ ኢሜጁ በወጉ ከተከፋፈለ ነው! ትልቁ ንብርብር ከተነካ ያንን እንደገና ሙሉውን ታወርዳለህ። ይልቅ አንዱ ማሽን ያውርድ፣ ሌሎቹ በኬብል ከሱ ይውሰዱ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በዊንዶውስ የሚሠራው የሒሳብ ፕሮግራም ፒችትሪስ? እኔ ታናሽ እህቴን የምልካት ለሱ ነው። የሥራ ማስታወቂያው ስለ ኢሜጅ አይጠይቅም።

ጣና ዳር፦ እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ሁለት ማሽን በዊንዶውስ ይቅር።

ፖሊ፦ ኢሜጁን ማን ይሠራዋል? አንተ ነገ ሥራ አግኝተህ አዲስ አበባ ትገባለህ። ራውተሩን ያስተካከለው ልጅ ፓስወርዱን ይዞት እንደሄደ ረሳችሁ?

ደንገል፦ ልክ ነህ፣ ግን ኢሜጁ የሚሠራበት ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፣ ምን እንደተጫነ ያነበበ ሁሉ ያየዋል። አሁን ያሉት ላይ ማን ምን እንደጫነ የሚያውቅ አለ? እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ የተበላሸ ኢሜጅ ከተለቀቀ ሁሉም ባንዴ ይታመማሉ። መጀመሪያ አንዱ ላይ ሳምንት ይሞከር።

ጋሽ ቀበሌ 14፦ ዲስኩ ራሱ ከተቃጠለ ይሄ ሁሉ አያድነውም። መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ይገዛ!

ጣና ዳር፦ ይገዛ ጋሼ፣ ማን ጠላ። ቅዳሜ ኑና ፊታችሁ አፕዴት እያደረግኩ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ፓስወርዱንም ወረቀት ላይ ጽፌ ለኃላፊዋ እሰጣለሁ።

ፖሊ፦ ሶኬቱን የምነቅለው እኔ ነኝ። ሰዓቱንም እኔ ነኝ የምመርጠው።